ማዋለድ የሴት ሥራ ብቻ ነውን?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ሥራ በጾታ ተከፋፍሎ ኖሯል። ቡናውን አበጥራ የምትለቅመው በአብዛኛው ሴት ስትሆን ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ የሚጭነው ወንድ ነው። ምጥም እንዲሁ የሴቶች ጉዳይ ነበር። የልምድ አዋላጇና ጎረቤቶች ወላዷን ከብበው «አይዞሽ» ሲሉ ወንዱ ከደጅ ይጠብቃል።

ዛሬ ግን በጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሯን የሚቀበላት አዋላጅ ወንድ ሊሆን ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በአዋላጅነት ሙያ ሁለቱንም ጾታዎች ያስተምራል።

ለመሆኑ ወንዱ ወደዚህ ሙያ ለምን ይገባል? አንደኛው ምክንያት እንጀራ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ምደባ ነው፤ ሳይመርጠው ገብቶ ውሎ አድሮ የሚወደው አለ። እናቱ ወይም እኅቱ በምጥ ስትሰቃይ አይቶ፣ ያንን ላለመድገም ቆርጦ የሚገባም አይጠፋም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ወንዶች በማዋለድ ሙያ እንዳይሠለጥኑ የነበረው ገደብ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነበር።

የእናቶች ማፈር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው ሴቶችን የመረጠው እናቶች ለሴት በራቸውን ስለሚከፍቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱት ከ100 እናቶች 28 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ ደግሞ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። የመንገዱ ርቀትና ድህነቱ ሳያንስ እፍረት ሲጨመርበት እናቲቱ ቤት ትቀራለች፤ ደም መፍሰስ ግን ሴት አዋላጅ እስክትገኝ አይጠብቅም።

ስለዚህ ወንዱ አዋላጅ ከመንካቱ በፊት የሚያደርገውን ማስረዳትና ፈቃዷን መጠየቅ፣ ገላዋንም መሸፈን ይገባዋል። እናት ወይም እኅት አጠገቧ እንድትሆን ይፍቀድ። ባልም «ወንድ አያይብኝም» ብሎ ሚስቱን ቤት ከማስቀረት ይልቅ ለመጓጓዣዋ አስቀድሞ ያስብ።

በሌላ በኩል ወንዱ መግባቱ ሴት ልጅን ከወንበሯ የሚያስነሣ መሆን የለበትም። በቡና ለቀማ ወራት ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጃገረድ ነገ የመንደሯ አዋላጅ ልትሆን የምትችል ናት። ወላጆች ሆይ፣ ሴት አዋላጅ የምንሻ ከሆነ አስቀድመን ልጃችንን እናስተምር። እስከዚያው ግን ሕይወት የሚያተርፍ እጅ የወንድም ቢሆን ሊያሳፍረን አይገባም።