የጉልበት ማዕዘን ሲኤስቪ ላይ ሲሰፍር

በስልክ ከተቀረጸ ቪዲዮ በሚዲያፓይፕ የሰውነት እንቅስቃሴ የምትለኩ ልጆች ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ባብዛኛው ስለ ስሌቱ ነው። ስሌቱ እኮ ቀላሉ ነው። ሚዲያፓይፕ ሰውነት ላይ ከሚለያቸው 33 ነጥቦች ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን (ለቀኝ እግር 24፣ 26 እና 28) ይዞ ጉልበት ላይ ያለውን ማዕዘን ማውጣት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ የምስል ነጥቦቹ ከ0 እስከ 1 ባለው ሚዛን ስለሚመጡ፣ አግድሙን በምስሉ ወርድ፣ ሽቅቡን በምስሉ ቁመት ሳታባዙ ማዕዘን ካወጣችሁ ቁጥሩ የተዛባ ይሆናል።

ነገር የሚበላሸው ማዕዘኑ የሚሰፍርበት የሲኤስቪ ፋይል ላይ ነው።

መጀመሪያ የአምዱን ስም እንይ። «ጉልበት» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። በሦስት ነጥብ የወጣው ማዕዘን እግር ቀጥ ሲል 180 ይሆናል፤ ፊዚዮቴራፒስት ግን ቀጥ ያለውን እግር 0 ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከ180 ላይ ቀንሱና «የቀኝ_ጉልበት_መታጠፍ_ዲግሪ» ብላችሁ ጻፉት። የትኛው እግር፣ ምን፣ በምን መለኪያ እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰውየው ከጎን ሲቀረጽ አንዱ እግር ሌላውን ይጋርደዋል። ሚዲያፓይፕ የተጋረደውንም ነጥብ ገምቶ ይሰጣችኋል፤ ከጎኑ ግን ነጥቡ ምን ያህል እንደሚታይ የሚገልጽ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር አለ። እሱ ዝቅ ሲል (እኔ 0.5ን መቁረጫ አደርጋለሁ) ማዕዘኑን አትመኑት። ታዲያ በቦታው ምን ይጻፍ? ብዙ ሰው 0 ይጽፋል። 0 ግን «እግሩ ቀጥ ብሏል» ማለት ነው! አምስት ፍሬም ውሰዱ፦ 58፣ 60፣ ያልታየ፣ ያልታየ፣ 62። ያልታዩትን ባዶ ከተዋችኋቸው የኤክሴል አቬሬጅ ዘሏቸው 60 ይሰጣችኋል። 0 ከጻፋችሁባቸው ግን 36 ይወጣል። በደንብ የሚታጠፍ ጉልበት በወረቀት ላይ ታማሚ ሆነ ማለት ነው። በፓይተን ባዶውን ናን አድርጉት፤ ፓንዳስ ሲኤስቪ ሲጽፍ በራሱ ባዶ ያደርገዋል።

ሰዓትም እንዲሁ ጣጣ አለው። ስልክ 30 ፍሬም በሰከንድ ይላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ወጥ አይደለም። የፍሬሙን ቁጥር ለ30 ከማካፈል ይልቅ ከቪዲዮው ላይ የየፍሬሙን ሰዓት አንብባችሁ በራሱ አምድ አስቀምጡት።

አንድ ረድፍ ለአንድ ፍሬም ይሁን። ለየነጥቡ አንድ ረድፍ ከሰጣችሁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ 59,400 ረድፍ ይፈጃል፤ የኤክሴል ጣሪያ ደግሞ 1,048,576 ስለሆነ 18 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቅባችኋል።

የአማርኛ አምድ ስም ኤክሴል ላይ ተመሰቃቅሎ ለሚመጣባችሁ፣ በፓይተን ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» አድርጉት፤ ይስተካከላል።

የነጥቦቹን ጥሬ ፋይል ከማዕዘኖቹ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቀመሩን ብትቀይሩ ቪዲዮውን እንደገና ማስኬድ አያስፈልጋችሁም። ጥያቄ ያለው ሰው የፋይሉን የመጀመሪያ አሥር ረድፎች ኮመንት ላይ ይለጥፍልኝ፤ እባካችሁ ስክሪንሾት አትላኩ።