የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒትና በአወሳሰዱ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ሰው በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ እጁ መንቀጥቀጡ፥ እርምጃው ማጠሩና ሰውነቱ መገተሩ የእርጅና ነገር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች የፓርኪንሰን ሕመም ከሚባለው በሽታ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕመሙን በ1817 ዓ. ም. ዘርዝሮ የጻፈው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ ሆነ፥ በሽታው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት ባይገኝም፥ ምልክቶቹን የሚያስታግሡና በሽተኛው ሥራውን እየሠራ እንዲኖር የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ከእነዚህ አንደኛው ወገን ብዙ ጥቅም የሚሰጠውን ያህል የሰውን ጠባይ እስከ መለወጥ የሚደርስ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፥ በሽተኛውም ቤተ ሰቡም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራውም ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው መልእክት ማድረስ ነው። የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሰን ይህን በ1950ዎቹ መጨረሻ ስላስረዳ በ2000 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በ1960 ዓ. ም. ደግሞ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች የተባለው ሊቅ በቪየና ከተማ የፓርኪንሰን በሽተኞች የነበሩ ሰዎችን አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምሮ፥ ዶፓሚኑ እጅግ የጐደለ መሆኑን አገኘ። ሰውነት የሚገተረውና እጅ የሚንቀጠቀጠው በዚሁ ጕድለት ምክንያት ነው።

ጕድለቱን ለመሙላት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ሲሆን፥ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ራሱ ወደ ዶፓሚን ሳይለወጥ በዶፓሚን ቦታ ቆሞ ሥራውን ይሠራል፤ ይኸውም ተቀርጾ የተሠራ ሌላ ቁልፍ ያንኑ በር እንደሚከፍት ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ «የዶፓሚን ተኪ» የምንለው ይህን ሁለተኛውን ወገን ነው። ከቆዩት ብሮሞክሪፕቲን፥ ከኋላ ከመጡት ፕራሚፔክሶል፥ ሮፒኒሮልና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሮቲጎቲን በዚህ ወገን ይቈጠራሉ።

ችግሩ የሚነሣው ዶፓሚን እጅና እግርን ብቻ የሚያዝ ባለመሆኑ ነው። ምኞትና ደስታ፥ እንቅልፍና ንቃት፥ የሆድ መታወክና የደም ግፊትም ከእርሱ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ተኪው እግርን የሚያፍታታውን በር ሲከፍት ሌሎቹንም በሮች አብሮ ሊከፍት ይችላል።

ስለ ጠባይ መለወጥ

ዕድሜውን ሁሉ በቍጠባ የኖረ አንድ ጡረተኛ በድንገት የውርርድ ቤት ደንበኛ ሆነ እንበል። ወይም አንዲት እመቤት የማያስፈልጋትን ዕቃ እየገዛች ቤቷን ሞላች። ሌላው ሌሊት እየተነሣ ያለ ልክ ይበላል፤ ሌላው ከዕድሜውና ከቀድሞ ጠባዩ ጋር የማይስማማ የፍትወት ምኞት ይይዘዋል። ቤተ ሰቡ «በእርጅናው ባለገ» ይላል፤ ልጆች ያኰርፋሉ፤ ሽማግሌ ይላካል። በሽተኛውም ራሱ የገዛ ሥራው ስለሚያሳፍረው ይደብቃል። የነገሩ ምክንያት የሆነው መድኃኒት ግን ማንም ሳይጠረጥረው በየቀኑ በሰዓቱ መወሰዱን ይቀጥላል።

ይህ ተረት አይደለም። በ2010 ዓ. ም. በታተመ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ 3,090 የፓርኪንሰን በሽተኞች ተመርምረው ነበር። የዶፓሚን ተኪ ከሚወስዱት መካከል ከመቶ 17 ያህሉ ከእነዚህ አራት ነገሮች፥ ማለት ከቁማር፥ ከግዢ፥ ከመብልና ከፍትወት፥ ቢያንስ በአንዱ ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው ሆነው ተገኙ። ተኪውን ከማይወስዱት ግን እንዲህ የሆኑት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ነገሩ በሁሉ ላይ የሚደርስ ባይሆንም፥ ሲደርስ የሕመምና የመድኃኒት ነገር እንጂ የምግባር ጕድለት አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንሰው ወይም መድኃኒቱን ሲለውጠው ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ይመለሳሉ።

ስለ ድንገተኛ እንቅልፍ

በ1999 ዓ. ም. ፕራሚፔክሶል ወይም ሮፒኒሮል ሲወስዱ የነበሩ ስምንት በሽተኞች መኪና ሲነዱ እንቅልፍ ጥሏቸው አደጋ እንደ ደረሰባቸው ሐኪሞች አሳወቁ። ይህ እንቅልፍ አንዳንድ ጊዜ ያለ ማዛጋትና ያለ ድካም በድንገት የሚመጣ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የጀመረ ወይም መጠኑ የተጨመረለት ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ሳያውቅ መኪና መንዳት፥ መሰላል መውጣት ወይም በምድጃ አጠገብ ብቻውን መሥራት አይገባውም። አንድ ጊዜ እንኳ በድንገት ያንቀላፋ እንደ ሆነ መንዳቱን ትቶ ለሐኪሙ ይንገር። ጠላ፥ ጠጅና አረቄ እንቅልፉን ስለሚያብሱ ሊርቃቸው ይገባል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

አንደኛ፤ መድኃኒቱ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ለምሳሌ ተራው የፕራሚፔክሶል ክኒን እንደ ልማዱ በ0.125 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይጀመራል፤ ጭማሪውም በየ5 ወይም በየ7 ቀን እንጂ ከዚያ ቶሎ አይደረግም። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ማቅለሽለሽ የሚበዛበት ሰው ከምግብ ጋር ቢወስደው ይቀልለዋል። በጾም ወራት እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ የሚጾም በሽተኛ በገዛ ፈቃዱ የጧቱን መድኃኒት ከማስቀረት ይልቅ፥ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር።

ሦስተኛ፤ መድኃኒቱ የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ፥ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ጥቂት ተቀምጦ ኋላ ቀስ ብሎ መቆም ይገባል።

አራተኛ፤ ቀስ እያለ በቀን ውስጥ እንዲሟሟ ሆኖ የተሠራውን ክኒን መፍጨትም መስበርም ክልክል ነው። አንድ ጊዜ የተረሳ እንደ ሆነም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

አምስተኛ፤ ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፥ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚከለክሉ የፓርኪንሰንን ሕመም ያብሳሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ደግሞ ሮፒኒሮልን በደም ውስጥ ያበዛዋል። ፕራሚፔክሶል የሚወጣው በኵላሊት ስለ ሆነ ኵላሊቱ የደከመ ሰው ያነሰ መጠን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማናቸውንም አዲስ መድኃኒት ከመቀበል በፊት የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙና ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ስድስተኛ፤ ከቆዩት ተኪዎች አንዱ የነበረው ፔርጎላይድ የልብን ክዳኖች ስለሚጎዳ በ2007 ዓ. ም. ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያው ዘር የሆነውን ብሮሞክሪፕቲንን ለብዙ ጊዜ የሚወስድ ሰው ስለ ልቡና ስለ ሳንባው ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሰባተኛ፤ የሌለ ነገር ማየት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት የጀመረ በሽተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው

ይህን ያነበበ ሰው ደንግጦ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ልጣለው ቢል ከባድ ስሕተት ይሆናል። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ድርቅ ሊል፥ ትኵሳት ሊነሣና አእምሮ ሊታወክ ይችላል፤ ይህም ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ጭንቀት፥ ሐዘን፥ ላብና የሰውነት ሕመም የሚይዛቸውም አሉ። መድኃኒቱ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የያዙት ሳያልቅ አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ለብዙ ቀን ያቋረጠ ሰውም በቀድሞው ሙሉ መጠን በራሱ አይጀምር፤ ከትንሹ እንደገና መነሣት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቤተ ሰብ ድርሻ

ማንበብና መጻፍ የሚችል የቤተ ሰብ አባል እዚህ ላይ ትልቅ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። በሽተኛው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የገንዘብ አያያዙን፥ የምግብና የእንቅልፍ ልማዱን በደብተር ይጻፍ። ከዚያም በየወሩ በሽተኛው ፈቅዶ ከመረጠው አንድ የታመነ ሰው ጋር ተቀምጠው እነዚህን ያመሳክሩ፦ ገንዘብ ያለ ምክንያት ጐድሏልን? ግዢና ውርርድ በዝቷልን? መብሉና ምኞቱ ተለውጧልን? በቀን ያንቀላፋልን? መልሱም ያለ ቍጣና ያለ ነቀፌታ ተጽፎ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ይቅረብ። ሐኪሙ በጠባብ ሰዓት ሊያየው የማይችለውን ደብተሩ ያሳየዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። መድኃኒቱ ያመጣበትን የደበቀም እንዲሁ ነው። አባቱ ወይም እናቱ ይህን መድኃኒት የሚወስዱለት ሰው እንግዲህ ነውር ከመቍጠሩ በፊት የመድኃኒቱን ስም ይመልከት፤ ከመቈጣቱም በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።