ታሪፍ ሲጨምር ማን የበለጠ ይከፍላል?
የመልእክት ዋጋና አነስተኛ የኢንተርኔት ሻጮች

በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በደጎሎ የምትኖር፣ ከስንደዶና ከአክርማ ሰፌድ እየሰፋች የምትሸጥ አንዲት ወጣት አለች እንበል። የሰፌዱን ፎቶግራፍ በእጅ ስልኳ አንሥታ በቴሌግራም ታሳያለች፤ አዲስ አበባ ያለ ገዢ ያየዋል፤ ዋጋውን ይስማማሉ፤ ገንዘቡም ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1205 ከወጣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለው ንግድ በሕግም ዕውቅና አለው። አንድ ነገር ግን በስልክ አይተላለፍም፤ እርሱም ሰፌዱ ራሱ ነው።

ሰፌዱ መጓዝ አለበት። ከደጎሎ አንዱ መንገድ በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ ይወስዳል፤ ሌላው በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ዕቃው በፖስታ ቢላክም ሆነ ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ቢጫን የማጓጓዣ ክፍያ አለው። ይህ ክፍያ ሲጨምር ጭማሪው በሁሉም ሻጮች ላይ እኩል የሚያርፍ ይመስላል። በእርግጥ እኩል ያርፋልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በቀላል ስሌት እንመረምራለን።

የታሪፍ ሁለት ክፍሎች

እ.ኤ.አ. በ1837 ሮውላንድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ፖስታ ማሻሻያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የደብዳቤ ክፍያ እንደ ርቀቱ ይጨምር ነበር። ሂል ግን አንድን ደብዳቤ ከለንደን እስከ ኤዲንብራ የማጓጓዙ ወጪ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ እጅ ያህል ብቻ መሆኑን አሰላ። ታዲያ ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል? ደብዳቤውን በመቀበል፣ በመመዝገብ፣ በመለየት፣ ለባለቤቱ በማድረስና ክፍያውን በመሰብሰብ ላይ ነው። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1840 ብሪታንያ ርቀትን ያልለየ የአንድ ፔኒ ታሪፍ አወጣች። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ብዛት በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው የማንኛውም መልእክት ወጪ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት ነው። አንደኛው ዕቃው ትልቅም ሆነ ትንሽ የማይለወጥ ቋሚ ወጪ ነው፤ ይህንን «ሀ» እንበለው። ሁለተኛው ከክብደቱ ጋር የሚያድግ ወጪ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ግራም የሚከፈለውን «ለ» እንበለው። እንግዲህ፦

ታሪፍ = ሀ + (ለ × ክብደት)

ሀ 50 ብር፣ ለ ደግሞ 30 ብር ቢሆን (አኃዞቹ ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም) አንድ ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰፌድ ለመላክ 80 ብር ይከፈላል። አሥር ሰፌዶችን በአንድ ጆንያ አድርጎ የሚልክ ነጋዴ ግን 50 + 300 = 350 ብር፣ ማለትም ለአንዱ ሰፌድ 35 ብር ብቻ ይከፍላል።

አሁን ቋሚው ወጪ በ40 ብር ቢጨምር ነጠላ የምትልከው ወጣት 120 ብር ትከፍላለች፤ ጭማሪው 50 በመቶ ነው። ባለ ጆንያው 390 ብር ወይም ለአንዱ 39 ብር ይከፍላል፤ ጭማሪው ከ11 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ታሪፉ የጨመረው ለሁለቱም በ40 ብር ነው፤ ሆኖም አንደኛዋ ብቻዋን ስትሸከመው ሌላው ለአሥር አካፍሎታል። የጨመረው የኪሎው ዋጋ «ለ» ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሣት ከጀመረበት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ እንደታየው ያለ የነዳጅ ዋጋ ንረት ሲያጋጥም፣ በእያንዳንዱ ሰፌድ ላይ የሚታከለው ብር ለሁለቱም እኩል ይሆናል። በዚያን ጊዜም ቢሆን ትርፏ አነስተኛ የሆነው ሻጭ ይበልጥ ይሰማታል።

ከትርፍ ሲሰላ

ሰፌዱ 600 ብር ይሸጣል፤ ጥሬ ዕቃውና የሥራው ድካም 400 ብር ይገመታል እንበል። መላኪያው 80 ብር በነበረ ጊዜ የሚተርፈው 120 ብር ነው። መላኪያው 120 ብር ሲሆን ትርፉ ወደ 80 ብር ይወርዳል። ከሽያጩ ዋጋ አንጻር ጭማሪው 7 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከትርፏ ግን ሲሦውን ወስዷል። 3,000 ብር የሚያወጣና 2,000 ብር የፈጀ ዕቃ በተመሳሳይ ታሪፍ የሚልክ ሻጭ ግን ትርፉ ከ920 ወደ 880 ብር ብቻ ይቀንሳል። እንግዲህ የታሪፍ ጭማሪ ይበልጥ የሚጎዳው ርካሽና ቀላል ዕቃ በነጠላ የሚሸጠውን ሰው ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው የሚመለስ ዕቃ ነው። ገዢው ገንዘቡን ዕቃውን ሲቀበል የሚከፍል ከሆነ አንዳንዱ ሐሳቡን ይለውጣል፤ አንዳንዱም ስልኩን አያነሣም። ከአሥር ሰፌዶች ሁለቱ ተመለሱ ብንል አሥሩ ሄደዋል፣ ሁለቱ ተመልሰዋል፤ በጠቅላላው 12 ጉዞ ተከፍሎበታል፤ የተሸጡት ግን 8 ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሽያጭ ላይ የሚያርፈው የመላኪያ ወጪ 12 ÷ 8 = 1.5 እጥፍ ነው። በ80 ብር ታሪፍ ወጪው 120 ብር፣ ትርፉ 80 ብር ይሆናል፤ በ120 ብር ታሪፍ ደግሞ ወጪው 180 ብር ደርሶ ትርፉ 20 ብር ብቻ ይቀራል። የ50 በመቶ ጭማሪ የትርፉን ሦስት አራተኛ በላ ማለት ነው።

ባዶ አየርም ይመዘናል

የአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። በዚህ ምክንያት ፈጣን መልእክት አመላላሾች ከሚዛን ክብደት ሌላ «የይዘት ክብደት» የሚባል ስሌት አላቸው። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ በተለምዶ ለ5,000 ይካፈላል፤ ከሁለቱ የበለጠው ክብደት ይከፈልበታል።

3 ኪሎ የሚመዝን መሶብ በ40 × 40 × 45 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ቢታሸግ ይዘቱ 72,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ለ5,000 ሲካፈል 14.4 ኪሎ ይሆናል። ላኪዋ ለ3 ኪሎ ስንደዶና ለ11.4 ኪሎ አየር ትከፍላለች ማለት ነው። በ40 × 40 × 6 ሴንቲ ሜትር ካርቶን የሚገባ ሰፌድ ግን የይዘት ክብደቱ 1.92 ኪሎ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የሚሠራ ታሪፍ ሲጨምር መሶብ ከሰፌድ ከሰባት እጥፍ በላይ ይነካል።

ገዢው ባሕር ማዶ ሲሆን

ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ጀመረች፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፍ ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1874 የተመሠረተው ይህ ኅብረት ለረጅም ዘመን የተመራው «ደብዳቤ ሁሉ መልስ አለው» በሚል ግምት ነበር። ላኪው አገር የቴምብሩን ገንዘብ ያስቀራል፤ ተቀባዩ አገር በነጻ ያድላል። ብዙ የሚቀበሉና ጥቂት የሚልኩ አገሮች አቤት በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ1969 የቶኪዮ ጉባኤ የመዳረሻ ክፍያ እንዲኖር ተወሰነ፤ ላኪው አገር ለተቀባዩ የማደያውን ወጪ ይተካል ማለት ነው።

የኢንተርኔት ንግድ ይህንን ሚዛን እንደገና አናጋው። ትንንሽ ጥቅሎች ከቻይና በገፍ ሲጎርፉ አሜሪካ ክፍያው አነሰኝ ብላ ከኅብረቱ እወጣለሁ አለች። የኅብረቱ አስቸኳይ ጉባኤ በ2018 በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በ2019 በጄኔቭ ተካሄደ፤ በጄኔቩ ጉባኤ አገሮች ለትንንሽ ጥቅሎች የራሳቸውን ተመን እንዲያወጡ ተፈቀደ። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጡ ዕቃዎች ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነጻ መብት ስታነሣ፣ ወደዚያች አገር የሚሄደው የፖስታ መልእክት በቀናት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱን ኅብረቱ አስታወቀ። ዋሽንግተን ላሉ ወገኖች መሶብ ወይም ነጠላ የሚልክ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅ አልነበረውም፤ ውጤቱ ግን ይደርሰዋል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ፖስታ ቤቶች እርስ በርስ የሚተሳሰቡት ኤስ.ዲ.አር. በሚባለው፣ ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ በሚሰላ መለኪያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ዓለም አቀፉ ተመን ባይነቃነቅ እንኳ በብር ሲተመን ሸክሙ አድጓል።

ምን ይበጃል?

ስሌቱ ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔውንም ይጠቁማል። አንደኛ፣ ቋሚውን ወጪ መካፈል ነው። ገበሬው አጨዳውን በወንፈል እንደሚያነሣ ሁሉ አሥር ሰፊዎች ዕቃቸውን በአንድ ጆንያ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢልኩና በዚያ የሚያከፋፍል ሰው ቢኖራቸው ከላይ ያየነውን የ80 ብር ወጪ ወደ 35 ብር ያወርዱታል፤ ከዚህ ላይ የአከፋፋዩ ድርሻ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ አየርን መቀነስ ነው፤ ትንንሽ መሶቦችን በትልቁ ውስጥ ከትቶ ማሸግ፣ ለሩቅ ገዢ ከመሶብ ይልቅ ሰፌድን ማስቀደም ይቻላል። ሦስተኛ፣ ቢያንስ የመላኪያውን ዋጋ አስቀድሞ መቀበል የሚመለሰውን ዕቃ ይቀንሳል፤ የተመለሰው ዕቃም ቢሆን በሻጯ ኪሳራ ብቻ አይመለስም።

አራተኛው ከሻጯ አቅም በላይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ መንገድም ሲዘጋ፣ ከላይ የዘረዘርነው ስሌት ሁሉ ትርጉም አልነበረውም፤ ታሪፍ የሚታሰበው መላክ ሲቻል ነውና። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ለሩቅ ከተማና ለቅርብ አንድ ዓይነት ታሪፍ ይውጣ ወይስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ወጪ ይሸፈን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሂል የመጀመሪያውን የመረጠው ለሩቅ ሰው በማዘን ብቻ አልነበረም፤ ከወጪው ትልቁ ክፍል ርቀቱ አለመሆኑን በቁጥር ስላረጋገጠ ነው። ዛሬም የታሪፍ ሠንጠረዥ ስናይ ስንት ብር እንደ ጨመረ ብቻ ሳይሆን የጨመረው «ሀ» ነው ወይስ «ለ» ብለን ብንጠይቅ፣ ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ እንዳረፈ ለመለየት አይቸግረንም።