ከአፈርሳታ እስከ ሮንድ፦ አራዳን ማን ይጠብቃታል?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከአንድ ግቢ «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ እንበል። ማን ቀድሞ ይደርሳል? ፒያሳ ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቀድሞ የሚደርሰው ጋቢውን እንደተከናነበ በሩን ከፍቶ የሚወጣው ጎረቤት ነው። ፖሊሱም ሆነ የወረዳው ኃላፊ የሚመጣው አንድ ሰው ከጠራው በኋላ ነው፤ የሚጠራውም ያው ጎረቤት ነው።

ወዳጆቼ፣ ስለ ወረዳና ስለ ክፍለ ከተማ ሲወራ ብዙ ሰው ይሰለቻል። ማኅተም፣ ወረፋ፣ «ነገ ተመለስ» ብቻ ይመስለዋል። አራዳን ይዘን ብንነሳ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ እዚህ ሰፈር ሲመላለስ እናገኘዋለን፦ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ነገር መንግሥት ለምን ያውለዋል? እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መልስ ሰጥቷል። አንዳንዱ መልስ ሰፈር ጠብቋል፤ አንዳንዱ ሰፈር አፍርሷል።

«ወፍ ነገረን»

ፖሊስ ሳይኖር አፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እህሉም አይታጨድም፣ ገበያም አይኬድም። ያየ ሰው በአደባባይ ስም መጥራት ስለሚፈራ የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻው ይነግራል። ሽማግሌዎቹም የሰሙትን ሲያወጡ የተናጋሪውን ስም አያነሱም፤ «ወፍ ነገረን» ይላሉ። ወንጀለኛው ሳይገኝ ከቀረ የአገሩ ሰው አዋጥቶ ተበዳዩን ይክሳል።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። ምስክር ከበቀል ይጠበቃል። ጉዳቱ የተበዳዩ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዕዳ ይሆናል። ጉድለቱም ከባድ ነበር፤ ቂም የያዘ ሰው በወፏ ስም ንጹሑን ሊያስወነጅል ይችላል፣ ምንም ያላየ ገበሬም ከሥራው ተነጥሎ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

አፈርሳታ የሚሠራው ግን ሰው ሲተዋወቅ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ደግሞ ከየአገሩ የመጡ እንግዶች ከተማ ነበረች። በየመኳንንቱ ዙሪያ ሰፈር ተሠራ፤ ራስ መኰንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው ያኔ የተተከሉ ናቸው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ጨው፣ በቅሎ፣ ሸማ፣ ጥይት ሳይቀር የሚሸጥበት ሲሆን ሻጩና ገዢው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ሌባ ለማግኘት «ሌባ ሻይ» የሚባል ዘዴ የነበረውም በዚሁ ጊዜ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ እየተንገዳገደ ሲሄድ ሰው ይከተለዋል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ እንደተጎዳ መገመት አይከብድም። ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን ዘዴው ቀረ።

በገበያው ላይ ሥልጣን የነበረው ነጋድራሱ ነው። ቀረጥ ይሰበስባል፣ የንግድ ክርክር ይዳኛል። ከነጋድራሶቹ ስመ ጥሩ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ሰፈሩንና ገበያውን የሚጠብቁት ደግሞ «የአራዳ ዘበኛ» ተባሉ። እነዚህ ዘበኞች የከተማዋ ፖሊስ ቅድመ አያቶች ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱም እዚሁ አራዳ አደገ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መርተውታል፣ ነሲቡ ዘአማኑኤልም ከንቲባ ሆነው ሠርተዋል። ጣሊያን ገብቶ የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ። ከድል በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፖሊስ በአዋጅ ተቋቋመ። ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቁልቁል የሚያየውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ደግሞ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሠርቶት በ1957 ዓ.ም. ተመረቀ።

ቀበሌ ቤታችን ገባ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ቀበሌ የተወለደው ከዚህ አዋጅ ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ። አራዳ ውስጥ ይህ ማለት አብዛኛው የጭቃ ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ቀበሌ በአንድ ጊዜ አከራይ፣ መታወቂያ ሰጪ፣ በኩፖን ስኳርና ዘይት አከፋፋይ፣ በፍርድ ሸንጎው ደግሞ ዳኛ ሆነ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ጥበቃውንም ጨመረ፤ የታጠቁ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤት ለቤት አሰሳና ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሲካሄዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች እስር ቤት ሆኑ። ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ሌሊት እንደሚገባ፣ የማን ልጅ ምን እንደሚያነብ የሚያውቀው ጎረቤት ነበር፤ ያ ዕውቀት ወጣቶችን ለማሳደድ ዋለ። አፈርሳታ ላይ ምስክሩን ይጠብቅ የነበረው ምስጢር እዚህ ጠቋሚውን ብቻ ጠበቀ። የተከሰሰው ሰው የሚከራከርበት ሸንጎ አልነበረውም። ዛሬም በርካታ የአራዳ አረጋውያን «ስለ ሰው አላውቅም» ማለትን የሚመርጡት ከዚያ ዘመን በተረፈ ቁስል ነው። አንድ ወረዳ «ነዋሪው ለምን አይተባበርም?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት።

ዛሬ ማን ምን ይሠራል?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ አስተዳደሩን በሦስት እርከን አቆመው፦ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ። ቀበሌዎቹ በኋላ ተዋህደው ወረዳ ሆኑ፤ አራዳ ክፍለ ከተማ 10 ወረዳ ደረሰው። ሕዝቡ ግን እስካሁን «ቀበሌ ልሂድ» ነው የሚለው።

ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነገር ልንገራችሁ። የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ፖሊስን አያዝም። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ የከተማዋ ፖሊስም የፌዴራል መንግሥት ክንድ ሆኖ የተደራጀ ነው። ወረዳው በእጁ ያለው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ፣ ደንብ አስከባሪዎቹና ነዋሪውን የሚያገናኘው መዋቅር ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሕገወጥ ንግድ፣ ያለ ፈቃድ የተጀመረ ግንባታ፣ ወንዝ ዳር የተደፋ ቆሻሻ የደንብ አስከባሪ ጉዳይ ነው። ስርቆት፣ ድብደባ፣ ዛቻ የፖሊስ ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ምዝገባና መታወቂያ የወሳኝ ኩነት ክፍሉ ነው። ቻርተሩ ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ደግሞ እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር ሰጥቷቸዋል፤ ትንሽ ዕዳ ትልቅ ጠብ እንዳይሆን የታሰበ ነው። ክርክሩ ከዚያ ሲያልፍ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለሰፈራችን አራዳ ምድብ ችሎት አለልን።

አንዳንዱ ውሳኔ ከወረዳ አቅም በላይ ነው። አትክልት ተራን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋው ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ሜዳው ለበዓሉ እንዲለቀቅ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ይህን የወሰነው የከተማው አስተዳደር ነው። በዚያ ምክንያት ባዶ የቀረውን መንገድ ማስጠረግ፣ ተሸካሚው ሥራ ሲያጣ ማን እንደተቸገረ ማወቅ ግን የወረዳ ሥራ ነበር።

ከወረዳ በታች ቀጠናና ብሎክ አለ። ኮሚዩኒቲ ፖሊስ የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ ደረጃ ነው፤ አንድ ፖሊስ ለአንድ አካባቢ ይመደባል፣ ነዋሪው በስሙ ያውቀዋል፣ የባልና ሚስት ጠብም ሆነ የመብራት መጥፋት ለእሱ ይነገራል። ሮንዱም አለ። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ወጣቶችና አባወራዎች በተራ እየወጡ ሰፈር ሲጠብቁ፣ መንገድ ዳር እሳት አንድደው ሲያድሩ አይታችኋል። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን ያቀፈው የሰላም ሠራዊትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሮንድ የወጣ ሰው ሌባ ሲያይ ፖሊስ ይጠራል እንጂ አይፈርድም፤ የሰውን መታወቂያ አይቶ በብሔሩ ወይም በመልኩ መጠርጠር ከጀመረ ወደ 1969 የሚወስደውን መንገድ ይዟል።

እሳት ሲነሳ

የሰፈር ጥበቃ ሌባ ማባረር ብቻ አይደለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ። የሕንፃው ከፊል ወደመ፤ ሙዚቃ ወዳዶች የሚሰበሰቡበት ጃዝ አምባም አብሮ ጠፋ። አሮጌ ፒያሳ እንዴት እንደተሠራች ተመልከቱ፦ የእንጨት ወለልና ደረጃ፣ የጨርቅ ኮርኒስ፣ ከአንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት የተጠለፈ ሽቦ፣ በአንድ በር የሚገባበት ጠባብ ግቢ። መኪና በማይገባበት መንደር ውስጥ እሳት ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚዋጋው ባልዲ ይዞ የወጣ ጎረቤት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎም ያሳየን ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑ ለእሳት አጥፊዎቹ ሌላ ፈተና ነበር።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ የእሳትና የአደጋ 939፣ የፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ስትደውሉም «ፒያሳ» ብቻ አትበሉ። ሁሉም የሚያውቀውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሆቴል ጥቀሱ፤ መኪና በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ተናገሩ፤ አንድ ልጅ አስፋልት ድረስ ወጥቶ እንዲጠብቅ አድርጉ። ጋዝ ሲሊንደር ያለበትንና መራመድ የማይችል ሰው የተኛበትን ቤት ለእሳት አጥፊው ሊነግረው የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው።

መሸኛ የማያዛውረው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። ከ2016 ዓ.ም. መጋቢት ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱና ሌሎችም የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው በራ፤ ከዚያው ዓመት የካቲት ጀምሮ የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ቆሟል። ሰዉ ደግሞ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮችና ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። ብዙዎቹ የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የማይፈስ ጣሪያ ያገኙት አሁን ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ሰፈር ሲቀይር ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያወጣል። ፋይሉ ይዘጋል፣ አዲሱ ወረዳ ይመዘግበዋል። መሸኛው ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የቤት ቁጥር ያዛውራል። የትኛዋ እናት የልብ ሕመም እንዳለባት፣ የትኛው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቁልፍ እንደሌለው፣ የትኛው አባወራ ሰክሮ ሲገባ እንደሚደባደብ የሚያውቅ ሰው ግን በመሸኛ አይዛወርም። ዕድሩ ተበትኗል። ጠዋት ጥሩምባ እየነፋ «እገሌ አርፏል» የሚለው ለፋፊ የአምስተኛ ፎቅ ነዋሪን እንዴት ይጥራ? አንድ ሰው የነዋሪነት ማስረጃ ሲጠይቅ «ምስክር ይዘህ ና» ይባላል፤ በአዲሱ ሕንፃ ለማን ብሎ ማን ይመስክር? የሩቅ ዘመድ ከቅርብ ጎረቤት አይበልጥም ስንል ጎረቤቱ የሚያውቀን ሲሆን ነው።

ለዚህ ነው ወረዳ ስለ ጸጥታ ሲያቅድ መተዋወቅን እንደ መንገድና እንደ መብራት በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አለበት የምለው። የፈረሱ ዕድሮች አባላት በአዲሱ ቦታ እንደገና እንዲደራጁ አዳራሽ መስጠት፣ ድንኳናቸውን የሚያስቀምጡበት ክፍል ማመቻቸት፣ አንድ ኮሚዩኒቲ ፖሊስ ለዓመታት እዚያው እንዲቆይ ማድረግ፣ በየሕንፃው አንድ ተጠሪ ነዋሪው ራሱ እንዲመርጥ መተው፤ ከካሜራ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። የወረዳው የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ሂዱና አራት ነገር ጠይቁ፦ የብሎካችን ኮሚዩኒቲ ፖሊስ ማን ነው፣ ስልኩስ? የእሳት አደጋ መኪና እስከ የትኛው በር ይገባል? ጥቆማ የሰጠ ሰው ስሙ እንዴት ይጠበቃል? የተጠቆመውስ ሰው ራሱን የሚከላከለው የት ነው? ሦስተኛውንና አራተኛውን አብራችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ያለ ሌላው ሰፈር እንደማይጠብቅ አራዳ በራሷ ልጆች አይታዋለች። መልሶቹን ካገኛችሁ በኋላ ግድግዳ ማዶ ያለውን ቤት አንኳኩና ስማችሁን ተናገሩ።