«ቆየ» በእንግሊዝኛ

የተማሪዎችን ድርሰት ስናርም «ዘ ሚቲንግ ስቴይድ ቱ አወርስ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየጊዜው ይገጥመናል። ብዙዎቻችን «ስቴይድ»ን በቀይ ቀለም ሰርዘን «ላስትድ» ብለን እናልፋለን። ተማሪው ግን ያንኑ ይደግማል፤ ስሕተቱ የሚመነጨው «ቆየ» ከሚለው ከራሳችን ግሥ ነውና።

«ቆየ» ሥራ የበዛበት ግሥ ነው። እንግዳው ሦስት ቀን ቆየ፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ልጁ ሳይመጣ ቆየ፤ ገበሬው ሲያርስ ቆየ። እንግሊዝኛ ለእንግዳው «ስቴይ»፣ ለስብሰባው «ላስት»፣ ለልጁ «ቢ ሌት»፣ ለገበሬው «ኪፕ» ይላል፤ «ቆይ!» ብለን ስንጣራ ደግሞ «ዌይት» ነው። ዋናው ችግር ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። «ስቴይ» ከሥፍራው ለማይለቅ ሰው ወይም ነገር ነው። «ላስት» ግን ራሱ ጊዜ ለሚፈጅ ነገር፣ ለጦርነት፣ ለዝናብ፣ ለበዓል፣ እንዲሁም ቶሎ ለማያልቅ ዕቃ ይነገራል። ስለዚህ የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆየ ስንል «ላስትድ»፤ ወታደሮቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቆዩ ስንል «ስቴይድ» ይሆናል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ይህ የሌሎች መምህራንም ጉዳይ ነው።

ጫማ ሰፊ ቆዳ የሚወጥርበት የእግር ቅርጽም በእንግሊዝኛ «ላስት» ይባላል። ሁለቱም ቃላት «ዱካ» የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር የመጡ ናቸው፤ ዱካ መከተል ቀስ በቀስ መዝለቅ ሆነ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ቃሉን አይረሱትም።

«እንዲዩር» ችሎ መዝለቅ ነው፤ የላቲኑ ሥሩም «ጠንካራ» ማለት ነው። «ፐርሲስት» ደግሞ አልለቅ ላለ ሳል ወይም እንቢ እየተባለ ለሚወተውት ሰው ይስማማል።

«ያለማቋረጥ»ም እንዲሁ ያሳስታል። ዝናቡ ከጧት እስከ ማታ ጨርሶ ሳያባራ ከዘነበ «ኮንቲኒዩየስ» ነው። እያባራ ደጋግሞ ከዘነበ «ኮንቲንዩዋል» ይባላል። እንግሊዞቹም ራሳቸው ልዩነቱን ሁልጊዜ አይጠብቁትም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይመስለንም።

ነጥብ የሚያስቀንሰው «ሲንስ» እና «ፎር» ላይ የሚደርሰው ስሕተት ነው። በአማርኛ «ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ» እንላለን፤ «ከሦስት ዓመት ወዲህ»ም እንላለን። «ከ» ለመነሻውም ለርዝመቱም ያገለግላል። ተማሪውም ይህን ተከትሎ «ሲንስ ስሪ ይርስ» ይጽፋል። በክፍል ውስጥ የሚበጀን ሁለት ጥያቄ ማስጠየቅ ነው፦ መልሱ «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው ከሆነ «ሲንስ»፣ «ስንት ጊዜ?» ለሚለው ከሆነ «ፎር»። ግሡንም አብረን ማሳየት ይኖርብናል። እኛ «እዚህ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው» ብለን በአሁን ጊዜ የምንናገረውን፣ እንግሊዝኛ «አይ ሀቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ብሎ ካለፈው ጋር ያያይዘዋል።