በየትኛው ዕቃ እናብስል? በየትኛውስ እናስቀምጥ?

ስለ አመጋገብ ስናወሳ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ እህሉና ስለ ሥጋው ነው። ምግቡ የሚበስልበትና የሚቀመጥበት ዕቃ ግን ይዘነጋል። በዲናችን የዕቃ ጉዳይ ቸል የሚባል አይደለም፤ በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣት ተከልክሏል። ሲመሽም ዕቃዎቻችንን እንድንከድን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘውናል። ዛሬ ከመንዝ እስከ ግሼና መርሐቤቴ በየቤታችን ስለሚገኙት የብረታ ብረትና የፕላስቲክ ዕቃዎች እንመለከታለን፤ ኢንሻ አላህ።

"ብረት ድስት" ሁሉ ብረት ነውን?

በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ገበያ "ብረት ድስት" ብለው ሲጠይቁ የሚሰጥዎት አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ቶሎ ይግላል፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ለሰውነት ግን የሚሰጠው ጥቅም የለም። እውነተኛው ብረት ከባድ ነው፤ እርጥበት ከቆየበትም ይዝጋል። ነገር ግን ምግብ ሲበስልበት ጥቂት ጥቂት ብረት ወደ ምግቡ ይለቃል። ይህ ማዕድን ደግሞ ለደማችን መሠራት የግድ አስፈላጊ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ማግኔት ይበቃል። አሉሚኒየምን ማግኔት አይስበውም፤ ብረትን ይስበዋል። ቀለም የተቀባ ኢናሜል ድስትም በማግኔት ይሳባል፤ ሽፋኑ ስለሚከልለው ግን ብረቱ ወደ ምግቡ አይገባም።

የራሳችን አገር ጥናት ምን ይላል?

በዶክተር አብዱልዓዚዝ አዲሽና በባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከየቤቱ አንድ፣ በጠቅላላው 407 ሕፃናት ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ለከፊሎቹ ቤተሰቦች የብረት ድስት፣ ለሌሎቹ የአሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። በዓመቱ መጨረሻ የብረት ድስት በተጠቀሙት ዘንድ የሕፃናቱ ሄሞግሎቢን በአማካይ በ1.7 ግራም በዴሲ ሊትር ሲጨምር፣ በአሉሚኒየሞቹ ዘንድ የጨመረው 0.4 ብቻ ነበር። የሕፃናቱ ዕድገትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና በጥራጥሬ ምግብ ሰውነት ሊወስደው የሚችለው የብረት መጠን በድስቶቹ መካከል ልዩነት አልታየበትም። ስለዚህ ለሽሮና ለምስር ወጥ ድስቱ ብቻውን አይበቃም። ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ መመገብ፣ ሻይና ቡናንም ከምግብ ሰዓት ማራቅ ብረቱ በሰውነት እንዲወሰድ ይረዳል።

ይህ ጉዳይ ለደጋ ሰው የበለጠ ያስፈልጋል። ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሻል። ቆላ ላይ በቂ የሚባለው መጠን እዚህ የደም ማነስ ሊባል ይችላል። ውኃም በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ረዥም ሰዓት ይፈጃሉ፤ ከዕቃው ጋርም ረዥም ጊዜ ይቆያሉ።

ከተጣለ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት

የአሮጌ መኪናና የልዩ ልዩ ዕቃ ስብርባሪ አቅልጦ ድስት መሥራት በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን ድስቶች ላይ የታተመ ጥናት ከእንዲህ ዓይነቶቹ እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን እንዳለውም እስካሁን አልታወቀም። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ ደግሞ ከብረታ ብረት የሚወጣውን ይጨምራል።

ፕላስቲኮቻችን

ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። 1 ቁጥር የ"ሃይላንድ" ጠርሙስ ነው፤ ለቀዝቃዛ ነገር ብቻ የተሠራ ሲሆን ሙቅ ሲገባበት ይጨማደዳል። 2 ቁጥር ጀሪካን ነው፤ ጠንካራና ለውኃ ተስማሚ ነው። 5 ቁጥር ከሁለቱ ይልቅ ሙቀት ይችላል። ፕላስቲክ በውስጡ የቆየውን ነገር ይመጥጣል፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ፣ ላምባ ወይም የመኪና ዘይት የነበረበት ጀሪካን በሳሙና ታጥቦም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። ውዱእ ማድረጊያ የሆነውም ጀሪካን ሕፃናት ስለሚጠጡበት ንጹሕ ይሁን።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. አቅም ካለ አንድ የብረት ድስት ይግዙ፤ ለሥጋ ወጥ ይጠቀሙበት። ካጠቡት በኋላ በእሳት አድርቀው ዘይት ይቀቡት።
2. ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበትን ምግብ በአሉሚኒየም ድስት አያሳድሩ፤ ወደ ሸክላ ወይም ወደማይዝግ ብረት ይገልብጡት።
3. በረመዳን ለኢፍጣር ወደ መስጂድ የሚላክ ትኩስ ሾርባ በፌስታል ወይም በቀለም ባልዲ አይሁን።
4. ኩበት ለማቀጣጠል ፌስታል አያንድዱ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።
5. ነፍሰ ጡር እህቶች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የብረት እንክብል ድስት አይተካላቸውምና አያቋርጡ።

ውድ አንባብያን! አካላችን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነው፤ የልጆቻችንም እንዲሁ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ድስት ሊገዙ ከሄዱ ማግኔቷን በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ወላሁ አዕለም።