ስንት ፈረስ ይሁንልዎት?

ጉድጓድ አስቆፍሮ የጨረሰ ሰው የፓምፕ መሸጫ ሱቅ ሲገባ የሚቀበለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ፈረስ ይሁንልዎት ጋሼ?» ጋሼም መልስ አያጡም። ጎረቤታቸው ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ አስገብቷል። የጎረቤት ግቢ ግን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የሳቸው ግቢ ዋናው ቤት አለው፣ ከጓሮ ተከራይ የገባባቸው አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉት፣ በጎን ደግሞ ለልጃቸው የተሠራ ጂ ፕላስ 1 ቆሟል። ስለዚህ 5 ተኩል ፈረስ ገዝተው ይወጣሉ። ጥቂት ወራት ይሠራል። ከዚያ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ ውሃው አሸዋ ይቀላቅላል፣ አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ ዝም ይላል። ወቀሳው መብራቱ ላይ ያርፋል።

መብራቱ ግን ላይበድል ይችላል። ፓምፑ የተመረጠው በቤቱ ብዛት ነው፤ ጉድጓዱን የጠየቀው የለም።

ጉድጓድ የሚናገረው በሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ማንም ሳይነካው ውሃው ረግቶ የሚቆምበት ጥልቀት ነው፤ ባለሙያዎቹ ስታቲክ ይሉታል። ሁለተኛው ያለማቋረጥ እየተሳበ ወርዶ የሚረጋበት ጥልቀት፣ ዳይናሚኩ ነው። ይህን ሁለተኛውን ማወቅ የሚቻለው ቁፋሮው እንዳለቀ ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን፣ እየሳቡና የውሃውን መውረድ እየለኩ ነው። ገንዘብ ያለቀበት ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በኔ ግምት በጠቅላላው ሥራ ውስጥ እንደዚህ የሚያከስር ቁጠባ የለም። ልኬቱ ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ፣ መሬቱ ውሃ በጠገበበት በመስከረም ከተደረገ ጉድጓዱን ያሞግሰዋል፤ ትክክለኛ ባሕርዩ የሚታየው ከክረምቱ በፊት፣ ግንቦት አካባቢ ነው።

የጋሼን ጉድጓድ እንደ ምሳሌ እንያዝ። ጥልቀቱ 120 ሜትር ነው እንበል፤ ውሃው 48 ሜትር ላይ ረግቶ ይቆማል፤ በሰከንድ 1.5 ሊትር ሲሳብ 71 ሜትር ላይ ወርዶ ይረጋል። ፓምፑ 90 ሜትር ላይ ቢንጠለጠል ከላዩ በቂ ውሃ ይኖረዋል። ባለ 5 ተኩል ፈረሱ ግን በዚህ ከፍታ በሰከንድ ወደ 2.5 ሊትር ሊስብ ይችላል። ጉድጓዱ ከሚሰጠው በላይ ጠያቂ ሲመጣበት የውሃው ልክ እየወረደ፣ እየወረደ ፓምፑ አፍ ላይ ይደርሳል። አየሩና አሸዋው የመጡት ከዚያ ነው። ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ በራሱ ሙቀት ይበስላል። በስምጥ ሸለቆ ትኩስ ውሃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች ላይ ይህ ጣጣ ይብሳል፤ ተራ የጉድጓድ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ ውሃ ብቻ የተሠሩ ናቸውና።

«ጉድጓድ ውስጥ ምን አስገባው? ላይ አስቀምጬ ልሳብበት» የሚልም አለ። ለዚህ መልሱ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በ1644 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ እኛ የምንኖረው በአየር ውቅያኖስ ወለል ላይ ነው ብሎ ነበር። ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን ከሥር ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ክብደት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ክብደት ውሃን ከ10 ሜትር ጥቂት በላይ ይሸከማል። አዲስ አበባ ግን ከአየሩ ውቅያኖስ ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ እዚህ ገደቡ 8 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ በተግባርም 5 ወይም 6 ሜትር ላይ ያበቃል። እጅ የቆፈረው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ካልሆነ በቀር ፓምፑ ራሱ ውሃው ውስጥ መግባት አለበት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሞተሩ ከታች ፓምፑ ከላይ የሆነው ሰመርሲብል የተሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ እንሂድ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ የተያዘው ልክ በሰው በቀን 100 ሊትር ነበር፤ ለገጠር 25። የጋሼ ግቢ 22 ሰው ቢኖርበት 2,200 ሊትር ነው። መኪና ማጠቢያውን፣ አትክልቱን፣ የበዓል ሰሞኑን ጨምረን 3,000 እንበለው። በሰከንድ 1 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ይህን በ50 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስድስት ቤት ያለበት ግቢ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ! ጋሼን ያስፈራቸው የቀኑ ፍጆታ አልነበረም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አንዴ ቧንቧ ቢከፍትስ የሚለው ነበር።

ይህን ጥያቄ በ1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመለኪያዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ሮይ ሃንተር በዕድል ስሌት መልሶታል። ሁሉም ቧንቧ በአንድ ቅጽበት የሚከፈትበት አጋጣሚ እጅግ ትንሽ ነው፣ ቤት በበዛ ቁጥርም የጋራው ፍላጎት የቤቶቹን ድምር ያህል አያድግም። የሃንተር ስሌት የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር የኛ የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ቧንቧ በአንድ ቅጽበት ይከፈታል፣ ባልዲውም፣ ጀሪካኑም፣ ሳፋውም ይሰለፋል። የራሱ ጉድጓድ ያለው ግቢም ቢሆን መብራት ቆይቶ በመጣ ቀን ይህ አይቀርለትም።

ይህን ጥድፊያ መሸከም ያለበት ከፍ ብሎ የሚቀመጠው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሮቶው ነው። ፓምፑ ጉድጓዱ በሚፈቅድለት ፍጥነት ቀስ ብሎ ሮቶውን ይሞላል፤ የጠዋቱን ግርግር ሮቶው ይችላል። መብራት ለአንድ ቀን ተኩል ቢጠፋ እንዳይጨነቁ 5,000 ሊትር ይያዝ። 5,000 ሊትር ማለት 5 ቶን መሆኑን ግን መቆሚያውን የሚሠራው የብረት ብየዳ ባለሙያ አስቀድሞ ይስማ።

ከዚህ በኋላ ፓምፑ የሚወጣውን ዳገት መደመር ነው። ከ71 ሜትር እስከ መሬት፣ ከመሬት እስከ ሮቶው አናት 9 ሜትር፣ በጠቅላላው 80። በዚህ ላይ ቱቦው ራሱ የሚያስከፍለው ቀረጥ አለ፤ ውሃው በግድግዳው እየተሻሸ ሲሄድ የሚባክነው። በሰከንድ 1 ሊትር በውስጡ 25 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ የፕላስቲክ ቱቦ ሲያልፍ በ100 ሜትር ርዝመት 17 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ይበላል። በ32 ሚሊ ሜትር 5 ገደማ፣ በ40 ከ2 በታች። የቱቦ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ፍትጊያው ወደ 30 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። በጋሼ ግቢ ከፓምፑ እስከ ሮቶው 160 ሜትር ቱቦ ቢዘረጋ በቀጭኑ ዳገቱ ወደ 110 ሜትር ይጠጋል፣ በሰፊው መታጠፊያውና ቫልቩ ተጨምሮ 85 ላይ ይቆማል። ቱቦ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ቀረጡ በየቀኑ በቆጣሪው ይከፈላል።

85 ሜትርን በ1 ሊትር በሰከንድ ማንሳት ራሱ 834 ዋት ይፈልጋል። ከሚገባበት ጉልበት ግማሹን ጥቂት አለፍ ብሎ ወደ ውሃው ለሚያደርስ ፓምፕ 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር ይበቃል። ያ ማለት 3 ፈረስ፣ የጎረቤትየው ፓምፕ ነው። በሱቁ ወረቀት ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ትልቁ ከፍታና ትልቁ የውሃ መጠን ጎን ለጎን ሲጻፉ ባልና ሚስት ይመስላሉ፤ አንድ ጣራ ሥር ግን አድረው አያውቁም። ትልቁ ከፍታ የሚገኘው ምንም ውሃ በማይወጣበት ጊዜ ነው፣ ትልቁ መጠንም ምንም ዳገት በሌለበት። መታየት ያለበት በሁለቱ መካከል የተሳለው ቁልቁል የሚወርድ መስመር ነው፤ 85 ሜትር ላይ ስንት ያወጣል?

ከሮቶው ወደ ቤቶቹ የሚወርደው ቱቦም ስፋት ይፈልጋል። በ9 ሜትር ከፍታ ያለ ሮቶ መሬት ላይ የሚሰጠው ግፊት 0.9 ባር አይሞላም፤ ጂ ፕላስ 1 ላይ ያለው ሻወር ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ያገኛል። ግቢዎች ላይ የማየውና የሚያናድደኝ አሠራር ግን ቱቦውን ከዋናው ቤት አውጥቶ ከሰርቪስ ወደ ሰርቪስ መቀጠል ነው። ዋናው ቤት ሻወር ሲከፈት የመጨረሻው ተከራይ ፊቱን በሳሙና እንደለበጠ ይቆማል። ከሮቶው ሥር ወፍራም ቱቦ አውርዶ ለየቤቱ የራሱን ቅርንጫፍና መዝጊያ መስጠት ተጨማሪ ጥቂት ሜትር ቱቦ ነው።

ፓምፑ በቁጥር ከተመረጠ በኋላ አንድ ቀጭን ነገር ይቀራል፣ ኬብሉ። 90 ሜትር ወደ ታች፣ 40 ሜትር እስከ ማብሪያው ሳጥን፣ 130 ሜትር። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 3 ፈረስ ሞተር ወደ 15 አምፔር ሲስብ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል ላይ 29 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 6 ካሬ ላይ 12 ገደማ። እንደ ቱቦው ሁሉ ሽቦም ሲቀጥን ቀረጥ ይበላል። ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ሱቁ ቢመለሱ ሻጩ ባለ 3ቱን አውርዶ ቀጥሎ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው፦ «ኬብሉስ በስንቱ ይሁን?»